ማርሹን ይዞ መጫኛውን ጥሎ የመጣው ብስክሌት፦ የአንድ ተሽከርካሪ ታሪክ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ መንገድ

በአገራችን የብስክሌት ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው ውድድር ነው። የአገሩ ተወላጆች ከጣሊያኖች ጋር እንዳይወዳደሩ በተከለከሉባት አሥመራ እ.ኤ.አ. በ1939 በተፈቀደው የጋራ ውድድር ገብረማርያም ገብሩ ጣሊያኖቹን ቀድሞ መግባቱ፤ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ጨዋታ ከሯጮቿ ጎን ብስክሌተኞችን ማሰለፏና በቡድን 9ኛ መውጣቷ፤ በኋለኛውም ዘመን ጸጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑ በየጊዜው ይወሳል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ መምህሩን ወደ ትምህርት ቤት፣ ነርሷን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጸሐፊውን ወደ ቢሮው የሚያደርሰው፣ ማታም ሽንኩርትና ዱቄት ጭኖ ወደ ቤት የሚመለሰው ብስክሌት ታሪክ ጸሐፊ አላገኘም።

ዝምታው ብስክሌት ስላልነበረ የመጣ አይደለም። በጣና ዳርቻ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ባሕር ዳርና በሐይቋ ጥግ የተዘረጋችው ሐዋሳ ስማቸው ከብስክሌት ጋር ተያይዞ የኖረ ከተሞች ናቸው። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተሠለፉት ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ሲሪንቃና ወልድያ ግን መኪና የሚሄድበት ዋና መንገድ ከብዙ የአገሪቱ ከተሞች አስቀድመው ያዩ ሆነው ሳለ፣ ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር የከተማ መለያ አልሆነላቸውም። ይህን በሕዝቡ ልማድ ወይም በድህነት ብቻ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ልማዱም ድህነቱም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ዋናው መልስ ግን ከብስክሌቱ የኋላ መንኰራኵር ላይ በሚቆጠሩት ጥርሶች ውስጥ የሚገኝ ይመስላል።

በመጀመሪያ መሬቱ መታወቅ አለበት። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተራሮች ግርጌ፣ ወጣ ገባ በሆነ ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በከፍታ ግን 400 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ይህ ልዩነት በ30 ኪሎ ሜትሩ ላይ እኩል ቢከፋፈል ኖሮ ማንም የማያማርርበት ዳገት በሆነ ነበር። መንገዱ ግን እንዲህ አይደለም፤ ወንዝ ለመሻገር ይወርዳል፣ ከወንዙ ወጥቶ ጉብታውን ይቆናጠጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ከወልድያ በጎንደር በር በኩል ወደ ድልብና ወደ ጋሸና የሚወጣው፣ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው መንገድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋ አቀበት ነው። በአንጻሩ ከሀብሩ በስተ ምሥራቅ እስከ ቆቦ የሚዘልቀው የጊራና ሸለቆ ለብስክሌት የተፈጠረ የሚመስል ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ሁለት አገር አለ፤ ብስክሌት በአንደኛው ፈረስ ሲሆን በሌላው እየተገፋ የሚሄድ ሸክም ይሆናል።

ይህ አውራ ጎዳና ዛሬ የያዘውን መልክ በመሠረቱ ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ወራሪው ከአሥመራ ተነሥቶ በመቐለ፣ በማይጨው፣ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ የዘረጋው መንገድ በመጀመሪያ የጦር ሠራዊትና የስንቅ መንገድ ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በተለይም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ መንገዱ የአገር ሀብት ሆኖ ይጠገንና ይሻሻል ጀመር። ከመንገዱ ጋር የመጣው የጋራዥ ሙያም እንዲሁ አገርኛ ሆነ።

ለዚህ ምስክር ሰነድ መፈለግ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ጎሚስታ አፉን ሲከፍት ይመሰክራል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ላሜራ፤ ጎሚስታ የሚለው መጠሪያ ራሱም ቢሆን፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡና ዛሬ ማንም እንደ ባዕድ የማይቆጥራቸው ቃላት ናቸው። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ፖርቶመጋላም ከዚያው ምንጭ የተቀዳና በአገራችን አንደበት የተቀጠቀጠ ቃል ነው። ብስክሌት የሚለው ስም ራሱ ከዚሁ ወገን ነው። አንድ ሙያ ከማን እንደተወረሰ ከቃላቱ የበለጠ የሚናገር ነገር ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ፓራፋንጎም ሆነ ፖርቶመጋላ ሥራን የሚመለከቱ ቃላት መሆናቸው ነው፤ አንዱ ጭቃን ለመከላከል፣ ሌላው ዕቃን ለመሸከም።

የዚያ ዘመን የከተማ ብስክሌት የሚያስፈልገውን ሁሉ ከፋብሪካው ለብሶ የሚወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 በሚላኖ የተመሠረተው ቢያንኪ፣ የእንግሊዙ ራሌይ፣ በኋላም የሻንጋዩ ፊኒክስና የቲያንጂኑ የበራሪ እርግብ ብስክሌት፣ የሕንዱም ሂሮ፣ በመልካቸው ወንድማማቾች ናቸው። ፍሬሙ የብረት ቱቦ፣ ጎማው ባለ 28 ወይም ባለ 26 ኢንች፣ መሪው ወደ ነጂው የተቆለመመ፣ መቀመጫው ሰፊና ባለሞላ ነው። ከፊትና ከኋላ ሙሉ ፓራፋንጎ፣ ካቴናውን የሚጋርድ ላሜራ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ፣ ደወል፣ ማቆሚያና ከጎማው ጋር እየተፋተገ መብራት የሚሰጥ ዲናሞ አለው። የካቴናው መጋረጃ ለጌጥ የተደረገ አይምሰል፤ ጋቢና ሰፊ ሱሪ በሚለበስበት አገር ካቴና ልብስ ከነከሰ ነጂው መውደቁ ነው። ለሴቶች የተሠራው ዓይነት ደግሞ የላይኛው ቱቦው ዝቅ ያለ ስለ ነበር ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ሳታነሣ ትሳፈርበት ነበር።

ይህን ሁሉ የለበሰው ብስክሌት ግን አንድ ማርሽ ብቻ ነበረው። የተለመደው አሠራር ከፊት 44 ጥርስ፣ ከኋላ 18 ጥርስ ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው መንኰራኵር ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚዞርና የመንኰራኵሩ ዙሪያ 2.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ብስክሌቱ በአንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ይራመዳል። ለባሕር ዳር ሜዳ ይህ እጅግ ተስማሚ ልክ ነው፤ በደቂቃ 50 ጊዜ የሚያዞር ሰው ሳይደክም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ይጓዝበታል። በወልድያ ዳገት ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ነጂው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በአንድ ላይ 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ቢሆን፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 130 ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ይህን ያህል ኃይል ጤነኛ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሊያወጣው ይችላል። ችግሩ የኃይሉ መጠን ሳይሆን የሚወጣበት መንገድ ነው። በ5.4 ሜትር እርምጃ ፔዳሉ በደቂቃ የሚዞረው 25 ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እግር በአማካይ 30 ኪሎ ግራም የሚያህል ጫና ያለማቋረጥ ማሳረፍ አለበት፤ ፔዳሉ ወደ ታች በሚወርድበት ቅጽበት ደግሞ ጫናው ከዚህም ይበልጣል። ጉልበት ይነዳል፣ ወገብ ይታጠፋል፣ ሰውየው ከመቀመጫው ይነሣል፣ በመጨረሻም ይወርድና ይገፋል።

እንግዲህ አንድ የወልድያ ሠራተኛ ብስክሌት ገዝቶ ጧት ወደ ሥራው እየነዳ ቢወርድ፣ ማታ እየገፋ መመለሱ ነው። መንገዱን እኩሌታ የሚገፋ ተሽከርካሪ ለመግዛት ደመወዝ የሚያጠራቅም ሰው ጥቂት ቢሆን አያስገርምም። ፍሬኑም ቢሆን ለቁልቁለቱ የሚመጥን አልነበረም። በቀጭን የብረት ዘንግ እየተሳበ የቸርኬውን የውስጥ ጠርዝ የሚነካው የድሮ ፍሬን፣ ኒኬል የተቀባውን ቸርኬ ዝናብ ሲያረጥበው ይንሸራተታል። የቁልቁለት አገር ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከክረምቱ ይማረዋል።

ከዳገት ጋር የሚስማማው መሣሪያ በዓለም ላይ ያልታወቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የተፈለሰፈው የስተርሚ አርቸር ባለሦስት ማርሽ እምብርት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በሽያጭ ላይ ነበረ። ካቴናን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚያዘዋውረው የማርሽ መለወጫም በፈረንሳይ አገር ተራራ ለተራራ በሚዞሩ መንገደኞች ዘንድ ይሠራበት ጀምሮ ነበር። የሚገርመው የውድድሩ ዓለም መቃወሙ ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ደግራንዥ ማርሽ መለወጥ የወንድነት ጉድለት ይመስለው ስለ ነበር፣ መሣሪያው ለተወዳዳሪዎች ሁሉ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ የመሣሪያው እድገት በሙሉ ወደ ውድድር አዘነበለ። ፈረንሳዊው መንገደኛ ለዳገቱ የፈለገው ማርሽ ለተወዳዳሪው የፍጥነት መሣሪያ ሆነና ዋጋው ከተራ ሠራተኛ አቅም በላይ ወጣ። ወደ አገራችን ለሥራ የገባው ብስክሌትም ባለ አንድ ማርሽ እንደሆነ ቀረ፤ ርካሽ፣ ጠንካራና በማንኛውም ጎሚስታ የሚጠገን ነውና።

ለውጡ የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት አንዳንድ ወጣቶች ያረጁ ብስክሌቶችን እየገጣጠሙ በተራራ ቁልቁለት መጋለብ ያዘወትሩ ነበር። ለዚህ ጨዋታ ሲሉ ፓራፋንጎውን ነቀሉ፣ መጫኛውን ጣሉ፣ ሰፊ ጎማና ጠንካራ ፍሬን ገጠሙ፤ ወደ ላይም ለመመለስ እጅግ ቀላል ማርሽ አበጁ። ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ የተራራ ብስክሌት በፋብሪካ በብዛት ይመረት ጀመር። በዚያው አሠርት ዓመታት መጨረሻ ገደማ ደግሞ የተራራውን ማርሽ፣ ፍሬንና ቀጥ ያለ መሪ ከመንገድ ብስክሌት ትልቅና ቀጠን ያለ መንኰራኵር ጋር ያዳቀለ ዓይነት ወጣ። በፈረንጅ አገር ሃይብሪድ የተባለው ይህ ነው፤ በአማርኛ ቅይጥ ብስክሌት ቢባል ያስኬዳል።

የቅይጡ ብስክሌት ማርሽ ለወልድያ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ከላይ የተጀመረው ሒሳብ ያሳያል። ከፊት በ28 ጥርስ፣ ከኋላ በ34 ጥርስ ሲነዳ ብስክሌቱ በአንድ የፔዳል ዙር የሚራመደው 1.8 ሜትር ብቻ ነው። ያው ሰው፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ፍጥነት፣ ፔዳሉን በደቂቃ 74 ጊዜ ያዞራል፤ የእግሩም ጫና ከ30 ወደ 10 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ቢደክመው ፍጥነቱን ወደ 6 ኪሎ ሜትር ዝቅ አድርጎ በ100 ዋት ሊወጣ ይችላል፤ በድሮው ብስክሌት እንዲህ ቀስ ልበል ቢል ሚዛኑን ስቶ ይወድቅ ነበር። ለመቶ ዓመት ያህል የሜዳ ንብረት ሆኖ የኖረው ተሽከርካሪ ተራራ ለመውጣት የበቃው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ያስደፍራል።

ነገር ግን ማርሹን ይዞ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ጥሎ መጣ። ፓራፋንጎ የለው፣ መጫኛ የለው፣ የካቴና መጋረጃ የለው፣ መብራት የለው፣ ብዙውን ጊዜ ማቆሚያ እንኳ የለው። ይህ ጉድለት ከረሳ አእምሮ የመነጨ አይደለም። በአሜሪካ ገበያ ብስክሌት በዋነኛነት የሚሸጠው ለዕረፍት ቀን መዝናኛ ስለሆነ፣ የዕቃ መጫኛ ክብደትና የአሮጌነት ምልክት ሆኖ ይታያል። ያው ቅይጥ ብስክሌት በጀርመን ሲሸጥ ግን ሕጉ መብራትን ስለሚያስገድድና ገዢው በየቀኑ ወደ ሥራ ስለሚነዳው፣ ከፓራፋንጎ፣ ከመጫኛ፣ ከዲናሞና ከማቆሚያ ጋር ተሟልቶ ይቀርባል። ስለዚህ አንድ አካል በአንዱ አገር የሥራ ልብስ ለብሶ፣ በሌላው አገር ራቁቱን ይቆማል። በእኛ ገበያ የሚታየው የተራራና የቅይጥ ብስክሌት፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ አብዛኛው ራቁቱን የመጣው ነው።

በመሆኑም ብስክሌቱን ለከተማ ሥራ የማብቃቱ ሥራ በገዢውና በሠፈሩ ጥገና ሠራተኛ ትከሻ ላይ ወድቋል። ሥራው ቀላል ቢመስልም የራሱ ዕውቀት አለው።

መጀመሪያ የሚመጣው የዕቃ መጫኛ ነው፤ ብስክሌትን ከመጫወቻ የሚለየው እርሱ ነውና። የአገራችን በያጅ ከፌሮና ከላሜራ መጫኛ ሠርቶ በፍሬሙ ላይ መበየድ የለመደው ነው፤ በድሮው የብረት ፍሬም ላይ ይህ ምንም ጉዳት አልነበረውም። የዛሬው ቅይጥ ብስክሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍሬሙ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በተራው የብረት ኤሌክትሮድ አይበየድም፤ ከዚህም በላይ የፍሬሙ ጥንካሬ በፋብሪካ በተደረገለት የሙቀት ሕክምና ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ እሳት የነካው ቦታ ይለሰልሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ይሰነጠቃል። ለዚህ መፍትሔው መጫኛውን ለብቻው ከብረት ሠርቶ፣ በፍሬሙ ላይ በተዘጋጁት ቀዳዳዎች በቡሎን ማሰር ነው። ከኋላ መንኰራኵር እምብርት በላይ የሚገኙት ትናንሽ ጥርብ ቀዳዳዎች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ቀዳዳ ከሌለ በጎማ የተለበጠ የላሜራ ማሰሪያ ይበቃል። አንድ የተለመደ የፋብሪካ መጫኛ 25 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የሚጭንበት ሰው ካለ መጫኛው ሳይሆን የኋላው ቸርኬ ሽቦ ቀድሞ ይበጠሳል።

ፓራፋንጎ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል፤ በበልግና በክረምት ግን ወደ አንደኛነት ይወጣል። የጎማው ውፍረት 38 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፓራፋንጎው ቢያንስ 45 ሚሊ ሜትር መስፋት፣ ከጎማውም አንድ ጣት ያህል መራቅ አለበት፤ ከዚህ የጠበበ እንደሆነ የሀብሩ ጥቁር ጭቃ በመካከል ይገባና መንኰራኵሩን ያቆመዋል። ከላሜራ ወይም ከፕላስቲክ በርሜል ተቆርጦ የሚሠራ ፓራፋንጎ መልኩ ባያምርም ሥራውን ይሠራል። መምህር ጀርባው ላይ የጭቃ መስመር ይዞ ክፍል መግባት የለበትም፤ ብዙ ሰው ብስክሌቱን ለክረምት የሚሰቅለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማርሹ ራሱ መቀነስ ይፈልጋል። ቅይጥ ብስክሌት ከፊት ሦስት ክቦች ያሉት ሲሆን ትልቁ ባለ 48 ጥርስ ነው። ይህ ክብ ከኋላ ካለው ባለ 11 ጥርስ ጋር ሲሠራ በደቂቃ 80 ዙር ለሚያዞር ሰው በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ይሰጠዋል፤ በወልድያ ገበያ መካከል በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ሥራ አይደርስም። ትልቁን ክብ ነቅሎ በቦታው ጥርስ የሌለው የላሜራ ክብ ቢገጠም፣ ካቴናው ልብስ እንዳይነክስ ይጋርዳል፤ የቀሩት ሁለት ክቦችም ለዳገቱና ለሜዳው ይበቃሉ። በመካከለኛው ባለ 38 ጥርስ እና በኋላው ባለ 14 ጥርስ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይቻላል። ከዚህ በላይ የሚሻ የውድድር ሰው ነው።

በርካሽ ቅይጥ ብስክሌቶች የፊት ሹካ ላይ የሚታየው አሞርዛቶር ብዙ ገዢ የሚማርክ፣ ግን ለከተማ ጥቅሙ ጥቂት የሆነ ዕቃ ነው። ክብደት ይጨምራል፣ በአቀበት ላይ የነጂውን ኃይል ይበላል፣ አቧራ ሲገባበት ይደርቃል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በየከተማው የተነጠፈውን የኮብልስቶን ንዝረት የሚያበርደው ከአሞርዛቶሩ ይልቅ ጎማው ነው፤ ባለ 38 ሚሊ ሜትር ጎማ ለመካከለኛ ክብደት ሰው ከ50 እስከ 60 ፒኤስአይ ቢነፋ ይበቃል። ጥርሳም የተራራ ጎማ በአስፋልት ላይ የሚጮኸው ኃይል እየበላ ስለሆነ ለስላሳ በሆነ ጎማ መለወጥ አለበት። የሀብሩ ቆላ የግራር እሾህ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ያረጀ የውስጥ ጎማ በቁመቱ ተቀዶ በጎማውና በአዲሱ የውስጥ ጎማ መካከል ቢነጠፍ ብዙውን እሾህ ያስቀራል።

መንኰራኵሩ ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈታበት ማጠፊያም በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ይህን መሣሪያ ጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1930 የሠራው ተወዳዳሪዎች መንኰራኵሩን በፍጥነት እንዲፈቱ ነበር። በገበያ ዳር ለቆመ ብስክሌት ግን ፍጥነቱ የሚጠቅመው ሌባን ነው፤ በተራ ዘንግና ዳዶ ቢተካ ይሻላል። መሪውን ከፍ አድርጎ ወደ ነጂው የተቆለመመ ዓይነት መግጠም፣ ጠባቡን መቀመጫ በሰፊ መለወጥ፣ ደወልና ከፊትና ከኋላ መብራት ማድረግ ይቀራል። የድሮው ዲናሞ በ6 ቮልት 3 ዋት ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ የዛሬዎቹ ትናንሽ የኤልኢዲ መብራቶች በዚያው ኃይል እጅግ የበለጠ ያበራሉ። ከሲሪንቃ ወደ ወልድያ በከባድ መኪና መካከል በምሽት ለሚነዳ ሰው የኋላው ቀይ መብራት ሕይወት ነው።

እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ የሚገኘው ተሽከርካሪ ምን እንደሚመስል ልብ ይሏል። ከጥቂት ነገሮች በስተቀር የድሮው ራሌይና ቢያንኪ ነው፤ የተጨመረለት የዳገት ማርሽና ዝናብ የማያሸንፈው ፍሬን ብቻ ነው። ማርሽ በሌለው ዘመን መጫኛው ነበረ፤ ማርሹ ሲመጣ መጫኛው ጠፋ፤ ሁለቱ በአንድ አካል ላይ የሚገናኙት በጥገና ሠራተኛው እጅ ነው። ባለሙያው ይህን ሲሠራ አዲስ ነገር እንደፈጠረ አይቆጥረውም፤ አንድ የቀረ ነገር እንደመለሰ ነው የሚቆጥረው፤ ትክክልም ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አለመሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ወራት መብራት፣ ባንክና ነዳጅ ተቋርጠው ነበር። በመቐለም ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ብዙ ነዋሪ ወደ ብስክሌት ተመለሰ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር ደግሞ የባጃጅና የታክሲ ዋጋ በሰላሙም አገር ወደ ላይ ወጣ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያም በመርሳም ያስተምራል፤ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ትምህርት ቤቶቹና ጤና ጣቢያዎቹ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ተበትነዋል። በእነዚህ የሚሠራው ሰው ከቤቱ እስከ ሥራው የሚጓዘው መንገድ ብዙውን ጊዜ ለእግር የሚረዝም፣ ለመኪና የሚያጥር ነው።

በመንግሥት በኩል ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ አልተዘነጋም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ ለአገሪቱም በጠቅላላው ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራበት ወጥቷል። እነዚህ ሰነዶች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ መንገዱ ነው፤ ስለ እግረኛ መተላለፊያ፣ ስለ ብስክሌት መስመርና ስለ ስፋቱ። መንገዱ እንደሚያስፈልግ አያጠያይቅም። ነገር ግን መስመሩ ላይ የሚነዳው ብስክሌት ምን ዓይነት እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ የተሠራው መስመር ለእሑድ ጧት መዝናኛ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ የሙያው ሰው እጅ ከሚታሰበው በላይ ይደርሳል። ለልማት ሠራተኞች፣ ለጤና ባለሙያዎች ወይም ለተማሪዎች ብስክሌት ሲገዛ የጨረታውን ዝርዝር የሚጽፈው እርሱ ነው። ዝርዝሩ «ባለ 21 ማርሽ የተራራ ብስክሌት» ብሎ ካበቃ፣ አቅራቢው የሚያመጣው ራቁቱን የቆመውን ነው፤ ሕጋዊም ነው። የዳገት አገር ዝርዝር የሚጀምረው ከታችኛው ማርሽ ነው፦ ከፊት ያለው ትንሹ ክብ ከኋላ ካለው ትልቁ በጥርስ ማነስ አለበት። ቀጥሎ ፍሬሙ ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ በየትኛውም ከተማ ያለ በያጅ ሊጠግነው ይችላልና። ከዚያም ሙሉ ፓራፋንጎ፣ 25 ኪሎ ግራም የሚሸከም መጫኛ፣ የካቴና መጋረጃ፣ ማቆሚያ፣ ደወልና መብራት ከነክብደታቸውና ከነልካቸው ይጻፋሉ። ግማሹ ያህል የላይኛ ቱቦው ዝቅ ያለ ዓይነት እንዲሆን ካልተጠየቀ፣ ቀሚስ የምትለብሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብስክሌቱን ተረክባ ለወንድሟ ትሰጠዋለች፤ እርሷም እንደ ቀድሞው በእግሯ ትሄዳለች።